ሽፈራው የጠጣው ተክል

አባቴ የስኳር በሽታ እንዳለበት ሲነገረን፣ ለቡ ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ ስቴቪያ ተከልኩ፤ ቅጠሉ በስኳር ፋንታ ሻይ ያጣፍጣል። አላድግ ብሎ ሲያናድደኝ፣ ተክል ያፋፋል ሲባል ሰምቼ የሽፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠል ወቅጬ፣ ጭማቂውን በውሃ አቅጥኜ ጠዋት ጠዋት እረጨው ጀመር። አባቴ «በሽተኛው እኔ፣ ሽፈራው የሚጠጣው እሱ!» ብሎ ሳቀብኝ። ለእሱም ባፈላለት «ሣር ሣር ይላል» ብሎ ተወው። ተክሉ ግን የሰማኝ ይመስል ፋፋ። ቅጠሉን አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ በትንሽ ብልቃጥ ኪሱ ከተትኩለት።

ባለፈው ሰኞ ከታክሲ ስወርድ ሰፈራችን ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጦ አየሁት። ብልቃጡ ክዳኑ ሳይከፈት ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፤ እሱ ሻዩ ላይ ስኳር ቆልሎ ያማስላል። በገንኩ። ግን ምን ላድርገው? ልጅ አይደል አልገርፈው! ቀና ሲል አየኝና በማንኪያው ሰላም አለኝ።