«ኢምፖሲብል» የት ላይ ነው?

ወንድሜ ዕቃ ተሸካሚ ነው። ሰው ቤት ሲቀይር ከጓደኞቹ ጋር ቁም ሣጥኑን፣ አልጋውን፣ ማቀዝቀዣውን ከፎቅ ያወርዳል፣ ወደ ፎቅ ያወጣል። ሜትር ከኪሱ ስለማይጠፋ ስሙን ትተው «ሜትሩ» ይሉታል። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝና ጋሼ እለዋለሁ።

እነሱ ዘንድ «ኢምፖሲብል» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃል አለ። ትርጉሙ «የማይቻል» ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። አጠቃቀሙ ግን ሕግ አለው። ቃሉን ያወጣ ሰው ወዲያው «የት ላይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሶፋው አላልፍ የሚለው በሩ ጋ ይሁን መታጠፊያው ጋ፣ በእጁ ነክቶ ማሳየት አለበት። ማሳየት ካቃተው ሰንፏል ማለት ነውና ከባዱን ጫፍ ይሸከማል። ካሳየ ደግሞ እዚያው ቆመው ይመክራሉ፤ የሶፋው እግር ይፈታል፣ በሩ ይነቀላል፣ አንድ ዘዴ አይጠፋም። እኔ ግን ሰው ሁሉ ይህን ቃል ወሬ መዝጊያ ሲያደርገው ስሰማ ያናድደኛል።

እናታችን እግሯ ከከዳት ወዲህ ከአራተኛ ፎቅ ወርዳ አታውቅም። ሕንፃው አሳንሰር የለውም። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ሆዱን መሳብ አለበት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መርፌ ያስያዘችኝ እሷ ናት። ከመንገዱ ማዶ የራሴን ሱቅ ልከፍት ስነሳ፣ እሷ ሳታየው መክፈቱ አንጀቴን በላው። ከመስኮታችን የሚታየው የቆርቆሮ ጣሪያው ብቻ ነው።

ጋሼ መጣና ወንበሯን ለካ፣ ደረጃውን ለካ፣ ከነወንበርሽ እናወርድሻለን አላት። በጄ አላለችም። ብንለምናት፣ ብናባብላት ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ከሱ የለመደችውን ቃል አወጣች።

«ኢምፖሲብል» አለችው።

«የት ላይ?» አላት።

ጉልበቷን አሳየችው። እሱን እኛ እንሸከመዋለን አላት። ወደ ደረጃው ጠቆመች። ለክቼዋለሁ አላት። ከዚያ እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች።

«እዚህ ላይ» አለች። «ጎረቤቱ የሚያውቀኝ ቀጥ ብዬ ስሄድ ነው። ዛሬ እንደ ቁም ሣጥን ስወርድ ልታይ?»

እኔ እንባዬን መመለስ አቃተኝ። ጋሼ ግን ፊቱ በራ፤ ቦታው ተገኝቷላ። ከባድ ዕቃ በደረጃ ሲያልፍ አንዱ ቀድሞ «በር!» እያለ ይጣራል፤ ሰው ድንገት ወጥቶ እንዳይገጭ ሁሉም በሩን ይዘጋል። ላንቺም እንደዚያ እናደርጋለን፣ አንድም ዓይን አያይሽም አላት። እሺ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ከወንበሩ ጋር በሰፊ ቀበቶ አሰሯት። አንዱ እጁ ለምዶበት፣ ቀለሙ እንዳይፋቅ ዕቃ የሚያለብሱበትን ብርድ ልብስ እስከ ራሷ ጎትቶ ሸፈናት። ከውስጥ ሆና «ልጄ፣ እኔ እንኳ ቀለሜ ከለቀቀ ቆይቷል» አለችው። ሰውየው በሳቅ እየሞተ መልሶ ገለጠላት።

ጋሼ ከታች በኩል ያለውን ከባዱን ጫፍ ያዘ። እኔ ቀድሜ «በር!» እያልኩ ወረድኩ፤ በሮቹ ተከታትለው ተዘጉ። መታጠፊያው ላይ ወንበሩን ወደ ኋላ ጋደም ሲያደርጉት ቀበቶውን ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እኔ ከእንቁላል አንሼ በሰው እግር» እያለች ታጉተመትም ነበር።

ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ «ቁሙ» አለች። ያመማት መስሎኝ ወደ እሷ ተመለስኩ። እሷ ግን የተዘጉትን በሮች አንድ በአንድ አየች፣ ሻሿን አስተካከለች።

«ክፈቱ በያቸው» አለችኝ። «የልጄን ሱቅ ለማየት ነው የምወርደው። የሰረቅሁት የለ፣ ምን ያስደብቀኛል?»

በሙሉ ድምፄ ተጣራሁ። በሩ ሁሉ ተከፈተ። የሁለተኛ ፎቋ ጎረቤት ስታያት እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች፤ ከዚያ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ተከተለችን። መንገዱን ስንሻገር ከኋላችን የሕንፃው ግማሽ ነበር። ጋሼ በላብ ተጠምቆ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል።

ሱቁ ውስጥ ወንበሯን መኻል ላይ አስቀመጡላት። ግድግዳውን አየች፣ የስፌት መኪናዬን ዳሰሰች፣ የሰቀልኩትን ቀሚስ ጠርዝ ወደ ዓይኗ አስጠግታ አገላበጠች።

«ጠሟል» አለች።

«የት ላይ?» አልኳት።

በጣቷ ነክታ አሳየችኝ። ልክ ነበረች። ያን ቀን ስፌቴ ተነቅፎ የተደሰትኩትን ያህል ተመስግኜ ተደስቼ አላውቅም። አመሻሽ ላይ መልሰን ስናወጣት «በር!» ያለ ሰው አልነበረም።