በጣት የታየ ባሕር

ሕፃናት መዋያው ልጅ የሚያውሉ ወላጆች ሁሉ የሚጠሯት «እትዬ መርፌ» ብለው ነው። ስሙ የወጣላት መስፋት ስለምታውቅ ብቻ አይደለም፤ እንደ መርፌ በዚህ ገባች ሲሏት በዚያ ስለምትወጣም ነው። ችግሩ አዲስ ልጅ ወደ ሕፃናት መዋያው ሲመጣ ነው። እናትየው በር ላይ ጎንበስ ብላ «አይዞህ የኔ ጌታ፣ እትዬ መርፌ ትቀበልሃለች» ስትለው፣ ልጅየው ሊወጉት መስሎት ሰፈሩን በለቅሶ ያናውጠዋል። ያኔ እሷ እየሮጠች ትመጣና ሁለት ባዶ እጆቿን ዘርግታ ታሳየዋለች። ብዙ ጊዜ ይሠራል። አንዳንዴ ልጁ እጇን ይነክሳታል፤ እሱንም ታቅፈዋለች።

ቁጭ ብላ ምሳ ስትበላ ያያት የለም። አንድ ጊዜ ትጎርስና የአንዱን አፍንጫ ልትጠርግ ትነሳለች፤ ያንን ሳትውጥ የሌላውን የጫማ ክር ልታስር ትበራለች። ባሏ ሶፋ ሠሪ ነው፤ ቤታቸውና ሱቁ አንድ ላይ ናቸው። «አገር ምድሩ የሚቀመጥበትን እየሠራሁ የገዛ ሚስቴን ማስቀመጥ አቃተኝ» እያለ ለደንበኛ ሁሉ ይነግራል። ደንበኛው ይስቃል። እሷ ግን ይህን ጊዜ ጓዳ ገብታ ወጥታለች።

ድሮ ከባሏ ጋር የሶፋ ልብስ ስትሰፋ ነበር የምትውለው። ጨርቅ ታውቃለች፤ ዓይኗን ጨፍና በሁለት ጣቷ ፈትግ ፈትግ ታደርግና «ይሄ ቶሎ ይተለተላል፣ ያኛው ያዛልቃል» ትላለች። የስፌት መኪናው ላይ ተጎልቶ መዋሉ ግን አልሆነላትም። መጀመሪያ እግሯን አሳከካት፣ ቀጥሎ ወገቧን አመማት፣ በመጨረሻ ጠባይዋ ራሱ ተበላሸ። ከቤታቸው ጀርባ ያለው የሕፃናት መዋያ ሞግዚት ይፈልጋል ሲባል ሰማችና ሄደች። ልጆች ደግሞ መቼ ሰው ያስቀምጣሉ? እዚያው ቀረች።

መዋያው ግድግዳ ላይ የታወቁ ሥዕሎች ያሉበት ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ያሰቀሉት ዳይሬክተሯ ናቸው። ልጆቹ ከሕፃንነታቸው ጥበብ ይልመዱ ብለው ነው፤ ግን እንዳይቀድዱት ከጣሪያው ሥር አስጠጉት፤ ስለዚህ ጥበብ የለመደው ኮርኒሱ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ፣ ትእዛዝ ስለምታበዛ «እሜቴ» የተባለችው ልጅ ከግድግዳው ሥር ቆማ «እትዬ፣ አንሺኝ» አለች። አነሳቻት። እሜቴ በገንቦ የተደረጉት የሱፍ አበቦች ላይ መዳፏን አሳርፋ ወዲያ ወዲህ አሸችው።

«ምንም የለውም» አለች። «አውርጂኝ።»

«ምንም የለውም» የሚለው ቃል እትዬ መርፌን እንደ ዓሣ አጥንት ወጋት። እውነቷን እኮ ነው! ከወረቀት ሌላ ምን አለው? ይህ ሁሉ አበባ፣ ይህ ሁሉ ባሕር፣ በልጅ እጅ ሲዳበስ የዳቦ መጠቅለያ ሆኖ ቀረ። ተናደደች። በማን እንደተናደደች ግን አታውቅም፤ በቀን መቁጠሪያው ይሁን፣ በሠዓሊዎቹ ይሁን፣ ብቻ ነደደች። የወሩንና ያለፉትን ወራት ገጾች ከዳይሬክተሯ ለምና ወሰደች፣ የባሏን የጨርቅ ቁርጥራጭ ጆንያ ወለል ላይ ዘረገፈች፣ ሥራ ጀመረች።

ገጾቹን ወፍራም ካርቶን ላይ ለጠፈቻቸው። ለሱፍ አበባው ቅጠል ቢጫ ከፋይ ሰጠችው፤ ለመሐሉ ሸካራ ጆንያ። ሰማይ ላይ ለሚሽከረከሩት ከዋክብት የሱፍ ክር ጠምዝዛ ሰፋች። ከሁሉ ይበልጥ የደከመችው ግን በቸኮሌት ካርቶንም በሻይ ትሪም ላይ ከወገቧ በላይ ብቻ ለምትታየው፣ ባሕር ዳር ቢጫ ጃንጥላ ይዛ ለቆመችው ሴት ነው። ባሕሩን ከሰማያዊ ሳቲን እጥፍጥፍ አድርጋ አወጣችው፣ ጃንጥላውን ከሌዘር፣ አሸዋውን ደግሞ ባሏ እንጨት ከሚያለሰልስበት ብርጭቆ ወረቀት። ሳቲኑን ሦስት ጊዜ አፍርሳ ሰፋችው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለእሷ ነው። በመጨረሻ ካርቶኖቹን በአንድ ጠርዛ የሚዳበስ መጽሐፍ አደረገቻቸው።

ከዚያ በኋላ እስከ አምስት መቁጠር የማይችሉ ልጆች፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ገጹ ላይ ሲያሳርፉ «ባለጃንጥላዋ! ባለጃንጥላዋ ናት!» ማለት ጀመሩ።

ይህን በሚሉበት ሰሞን ነው ወሬው የመጣው። ያቺው ባለጃንጥላ፣ ራሷ፣ ሠዓሊው በገዛ እጁ የሳላት፣ ከሩቅ አገር በውሰት ከተማው ሙዚየም ገብታለች፤ ለጥቂት ጊዜ ታይታ ትመለሳለች።

እትዬ መርፌ በሕይወቷ ሙዚየም ገብታ አታውቅም። የምታውቀው የሥዕል ፎቶ እንጂ ሥዕል አይደለም። አሁን አንድ ጥያቄ ቀልቧን ነሣት። የባሕሩ ቀለም ያበጠ ይሆን ወይስ ልሙጥ? ሳቲን ማድረጓ ልክ ነበር ወይስ እነዚህን ምስኪኖች ስትዋሻቸው ኖራለች? በዓይኗ ሳታየው ዕረፍት አታገኝም። እሑድ ሙዚየሙ ዝግ ነው፤ በሌላው ቀን ሁሉ ደግሞ እሷ ከመዋያው ስትወጣ በሩ ተቆልፏል። ያላት መንገድ አንድ ነው፤ ልጆቹን ይዛ መሄድ። ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባች፤ አልተቀመጠችም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም» አሉ ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው። «እነዚህን ልጆች ሥዕል ማለት የሚዳበስ ነገር ነው ብለሽ አሳድገሽ፣ አሁን እዚያ ወስደሽ አትንኩ ልትያቸው ነው?»

«አይነኩም፣ እኔ አለሁ።»

«መዥገርስ?»

መዥገር የሚባለው ልጅ የያዘውን የማይለቅ ነው። የዳይሬክተሯን የአንገት ሐብል ይዞ ግማሽ ቀን ከእሳቸው ጋር ስብሰባ የተቀመጠ ልጅ ነው።

«ይዣቸው ልሂድ፤ እባክዎ» አለች።

ዳይሬክተሯ እሺ ለማለት ብዙ ቀን ፈጀባቸው። በመጨረሻ የፈቀዱት ሥዕሉ የሚታይበትን የመጨረሻ ቀን ነው። «ግን ስሚኝ» አሉ ጣታቸውን ቀስረው፣ «አንዲት ጣት ሸራው ላይ ካረፈች ነብር አየኝ በይ! ጉብኝቱም መጽሐፉም ያን ቀን ያበቃል። ሁሉንም ሰብስቤ ነው የማስጥለው።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እጇ አላርፍ አላት። ሳህን ታጥባለች፤ መልሳ ያንኑ ሳህን ታጥባለች። ባሏ የሶፋ እግር እየሞረደ ብዙ አያትና «እጅ፣ ሥራ ካልሰጡት፣ ራሱ ሥራ ይፈልጋል፤ እንዳንቺ እጅ» አላት። ሊያሾፍ ነው ያለው። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆመች፤ ከዚያ ተንደርድራ ሄዳ መቀሱን አነሳች።

በየልጁ ሽርጥ ላይ ሁለት ሁለት ኪስ ሰፋች። በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ የሰማያዊ ሳቲን ቁራጭ ከተተች። ልጆቹን አሰልፋም አስተማረቻቸው። «እዚያ ስንደርስ እጅ ቤቱ ይገባል፣ ዓይን ይወጣል። ባሕሩን በእጃችሁ ኪስ ውስጥ ትዳብሳላችሁ፣ በዓይናችሁ ግድግዳው ላይ ታያላችሁ። ገባችሁ?»

«ለምን አይነካም?» አለች እሜቴ።

«ስለሚያመው።»

የቀን መቁጠሪያው ያላስተማራቸውን ይህን ነገር ልጆቹ ወዲያው ተረዱ።

ሙዚየሙ ውስጥ ወለሉ ስለሚያንሸራትት መጀመሪያ የተፈራው እሱ ሆነ። ከሥዕሉ ፊት ገመድ ተወጥሯል፤ ከገመዱ ጎን አንድ ረጅም ጥበቃ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። የሕፃናቱን ሰልፍ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «እናቴ፣ ያው ያውቃሉ...» አላት። «አውቃለሁ» አለችው ሳታስጨርሰው። ልጆቹን ከገመዱ ወዲህ ደርድራ እሷ በገመዱና በእነሱ መሐል ገባች፤ ጀርባዋን ለሥዕሉ፣ ፊቷን ለእጆቹ ሰጥታ።

«እጅ ቤቱ!»

እጆቹ ሁሉ ኪስ ገቡ። ዓይኖቹ ሁሉ በእሷ ትከሻ ላይ አልፈው ሄዱ። እሷ ከኪስ ወደ ኪስ ዓይኗን ታንከራትታለች። ያኛው አሁን ክርኑ ተንቀሳቀሰ፤ ይቺ ደግሞ ምን ልታወጣ ነው? ከልጆቹ አንዱ «ኡ!» አለ፣ ሌላዋ አፏን ከፈተች። አሁን ዞር ልበል፣ አንዴ ብቻ፣ ብላ አንገቷን ልታዞር ስትል የመዥገር ቀኝ እጅ ከኪሱ ወጣ። ተወርውራ አፈፍ አደረገችው። ምስኪኑ አፍንጫውን ሊጠርግ ነበር። ጠረገችለት፣ እጁን ወደ ኪሱ መለሰች፣ ከዚያ ወዲያ ከእሱ ላይ ዓይኗን መንቀል አልደፈረችም። ሌላ ሰልፍ ከኋላ ደረሰና ጥበቃው «ይበቃችኋል» አለ። በር ድረስ ሸኝቷቸው «እንደነዚህ ያሉ ጨዋ ጎብኚዎች አላየሁም። ትልልቆቹ ናቸው የሚያስቸግሩኝ» አላት።

ወደ መዋያው ስትመለስ እግሯ መሬት አልነካም። ማንም አልነካም! ዳይሬክተሯ ወሬውን ሰምተው «በይ እንግዲህ» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ልጆቹ ውኃ እንደጠጡ መጽሐፉን አወጡና ባለጃንጥላዋ ገጽ ላይ ተደፉ። እሜቴ ገጹን ዳበሰችው፣ ደግማ ዳበሰችው፣ ቀና ብላ እትዬ መርፌን አየቻት።

«ውሻውስ?»

«የምን ውሻ?»

«ውሻው!» አሉ ልጆቹ በአንድ አፍ። «እዚህ ጋ! ውኃ የነካው ውሻ!» መዥገር ሳይቀር ጣቱን ብርጭቆ ወረቀቱ ላይ ተክሎ አላነሣም አለ።

እትዬ መርፌ የብርጭቆ ወረቀቱን ጠርዝ በጥፍሯ ላጥ አደረገችው። ከሥሩ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ የሚል ሣጥን ብቅ አለ። የቀን መቁጠሪያው ቀኖቹን ያተመው እዚያ ጥግ ላይ ነበር። እሷ ደግሞ ቀን የባሕር ዳር ምኑ ነው ብላ አሸዋ አልብሳው ነበር። ባሕር ዳር አሸዋ እንጂ ሌላ ምን ይኖራል ብላ። ከቀኖቹ ሣጥን ሥር ውሻ ነበረ ለካ።

ያኔ ነው የገባት። ከሥዕሉ ፊት ቆማ ነበር። ብትዞር አፍንጫዋ ሥር ነበር። አላየችውም። ውሻውን ብቻ አይደለም፤ ባሕሩንም፣ ጃንጥላውንም፣ ምኑንም አላየችም። ያየችው ኪስ ነው።

ነጠላ ጫማዋን እንደተጫማች ወደ በሩ ሮጠች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ሙዚየሙ ሊዘጋ ነው። ነገ ሥዕሉ በሣጥን ታሽጎ መንገድ ላይ ነው። ወላጆች ገና አልመጡም። እነዚህን ሁሉ ለማን ጥላ ትሄዳለች? የበሩን እጀታ ይዛ ቆመች፣ ለቀቀችው፣ ደግማ ያዘችው። እንባዋ መጣ። በገዛ እጄ፣ አለች በልቧ፣ በገዛ እጄ አጣሁት። ተመልሳ መጥታ እሜቴ አጠገብ ተንበረከከች።

«እሜቴ፣ ውሻው ምን ይመስላል? ንገሪኝ።»

እሜቴ መናገር አልመረጠችም። «ቁጭ በይ» አለቻት፤ ተቀመጠች። የቁርጥራጩን ከረጢት አስመጣች። የእትዬ መርፌን ጣት ይዛ መጀመሪያ ከፋዩን አስነካቻት። «እንዲህ አይደለም፤ ይሄ ያንሸራትታል።» ጆንያውን አስነካቻት። «እንዲህም አይደለም፤ ይሄ ይቧጥጣል።» ሱፉን፣ ሌዘሩን፣ ጥጡን ሁሉ ሞከሩ። አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም። ሌሎቹ ልጆች ዙሪያውን ተሰብስበው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከረጢቱ ባዶ ሆነ። እሜቴ ተናዳ ቀና ስትል የእትዬ መርፌ ሻሽ በሩጫው ተንሸራቶ ወደ ኋላ ወድቋል። ልጅቷ ዓይኗ በራ። የሴትዮዋን እጅ አንስታ በራሷ በሴትዮዋ ፀጉር ውስጥ ከተተችው።

«እንዲህ ነው!»

«እንዲህ?» አለች እትዬ መርፌ። «የተንጨባረረ? ሽበት ያለው?»

«አዎ!» አሉ ሁሉም።

እትዬ መርፌ እጇን ከፀጉሯ መንጭቃ አወጣች። «ቆይ፣ እንዴት አወቅሽ? ነክተሽዋል እንዴ?»

«አልነካሁም!» አለች እሜቴ ተቆጥታ። «እጄ ቤቱ ነበር። ስታይው ያስታውቃል።»

እትዬ መርፌ ለጥቂት ጊዜ አልተነሣችም፤ የማንንም አፍንጫ አልጠረገችም። ከዚያ መቀሱን አቀብሉኝ አለች። ከጆሮዋ ጀርባ አንድ ዘለላ ፀጉር ቆረጠች። ብርጭቆ ወረቀቱን መልሳ አጣብቃ በላዩ ሙጫ ቀባች፤ «እዚህ?» ብላ ጠየቀች፤ እሜቴ «ትንሽ ወደ ውኃው» አለች፤ ወደ ውኃው አስጠግታ ለጠፈችው።

«ሙጫው እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካ!» አለች። መጀመሪያ የነካችው ግን ራሷ ናት።