ሁሉም ያየው ሰው

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለችው ዓሣ ቤት ተቀምጬ እንግዳ እጠብቅ ነበር። እንግዳዬ ከደሴ ደውሎ "መጣሁ፣ ቆሮሶ ዓሣ አስጠብስልኝ" ካለኝ በኋላ ስልኩ አልገባ ብሏል። ከደሴ ሐይቅ ያለው መንገድ አጭር ነው። ኬላ ግን አለበት፣ እኔ ደግሞ ወዳጄ በኬላ ሲያልፍ ልቤ አያርፍም።

ከጎኔ ያሉት ወጣቶች በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተው የባሕር ማዶ ክርክር ያያሉ። እዚያ ፖሊስ ጥቁሮችን ለምን ከሌላው አብዝቶ እንደሚያስቆም ነው ወሬው። አንደኛው ተከራካሪ ጥፋቱ የጥቂት ክፉ ፖሊሶች ነው ይላል። ሴትየዋ ደግሞ ክፋቱ ያለው አሠራሩ ውስጥ ነው፣ ደህና ሰው ብታስቀምጡበትም ያው ነው ትላለች። ከወጣቶቹ አንዱ ሰይድ ነው፤ ከዓረብ አገር ከተመለሰ ዓመት አልሞላውም።

"ይሄንንስ እኔን ጠይቁኝ" አለ። "ከሞላ ሚኒባስ ውስጥ እኔን ብቻ ነው የሚያወርዱኝ። እዚያ ጥቁሩ እኔ ነበርኩ።"

"ወላሂ፣ እኛ አገር እንኳን እንዲህ ያለ ነገር የለም" አለው ጓደኛው።

ዓሣው ዘይት ውስጥ ይንጣጣል፣ ነፋሱ ከሐይቁ የእርጥብ ሣር ሽታ ያመጣል። ኡጁሉን አሰብኩት።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን አቋርጬ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም እጽፋለሁ እያልኩ የምዞር ልጅ ነበርኩ። አባቴ ሱቅ ጠብቅ ሲለኝ ሐይቁ ዳር፣ ሐይቁ ዳር ሲፈልገኝ ወደ አርዲቦ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር የምገኘው። እናቴ "ይሄ ልጅ መቀመጫው ላይ እሾህ አለበት" ትል ነበር። አንድ ነገር ግን ነበረኝ፤ ዓይኔ አያርፍም። ሰው የሚያልፈውን ትንሽ ነገር አይቼ ለግጥም አስቀምጠዋለሁ።

ኡጁሉ ከጋምቤላ መጣ። የዓሣ እርባታ ተምሮ በከተማችን የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ባለሙያ ሆኖ ተቀጥሮ፣ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራየ። በጣም ረጅም ስለነበር በሯን ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባው። ማታ ማታ ሐይቁ ዳር አብረን እንሄዳለን። "የናንተ ውሃ ዝም ይላል" ይለኝ ነበር። "የኛ ባሮ ግን ያወራል። መጀመሪያ ሰሞን ዝምታው እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።" ይህችን ወዲያው ሰርቄ ግጥም ውስጥ ከተትኳት።

ለባሕር ማዶ ሰው ሁላችንም ጥቁር ነን። እኛ ግን ለራሳችን ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም የሚል ስም አበጅተን፣ "ጥቁሩ" የሚለውን ለኡጁሉ ብቻ ትተንለት ነበር። በክፋት አልነበረም። እንዲያውም ሰው ሁሉ ይወደው ነበር። ስንሄድ ግን የገበያው ዓይን ሁሉ አብሮን ይዞር ነበር።

አስፋልቱ ጫፍ ላይ ሁልጊዜ ሳጅን ይማም ይቆማል። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ለቅሶ የማይቀር ሰው ነበር።

"ኡጁሉዬ፣ እንዴት ዋልክ? ጉንፋኑ ተሻለህ?"

"ተሽሎኛል ሳጅን።"

"አልሐምዱሊላህ። እስኪ መታወቂያ።"

መጀመሪያ ቀን ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። በማግስቱም ጠየቀው፣ በሳምንቱም ጠየቀው። አንድ ምሽት አላስችል ብሎኝ "ሳጅን፣ ስሙንም ጉንፋኑንም ያውቃሉ፣ መታወቂያው ምን ይጨምርልዎታል?" አልኩት።

"አንተ ገጣሚው፣ ዝም በል። ሥራ ነው።"

እኔን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። የእኔ መታወቂያ እናቴ ሣጥን ውስጥ፣ ከበዓል ልብሷ ሥር ነበር የተቀመጠው። ይዤው ወጥቼ አላውቅም።

ሚያዝያ ውስጥ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ የማኅበሩ የጀልባ ሞተር ጠፋ። ሞተሩ አንድ ብቻ ነበር። በሽተኛ ከማዶ የሚመጣው፣ ሕገ ወጥ መረብ የሚለቀመው በእሱ ነው። ጠባቂው በአስር ሰላት ሰዓት ጀልባው ላይ አይቶታል። ከማታው የኢሻ ሰላት በኋላ መብራት ይዞ ሲመጣ የለም። ሳጅን ይማም ወሬውን እንደሰማ በቀጥታ ወደ እኛ ግቢ መጣ።

"ምን አድርጎ ነው?" አለችው እናቴ።

"እናጣራለን እትዬ ፋጡማ።"

"ሌላስ ማንን ያዛችሁ?"

"ከእሱ ነው የምንጀምረው።"

ኡጁሉ በሯን ጎንበስ ብሎ ወጣ፣ መታወቂያውን ሳይጠየቅ አውጥቶ ሰጠ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ የሠራችውን ፍርፍር ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ኡጁሉ አግዳሚ ላይ ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል። ጋቢው የሳጅን ይማም ነበር፤ ሌሊት በርዶት ስላየ ከራሱ ላይ አውልቆ ሰጥቶታል።

"ከሰዓት መኪና መጥቶ ደሴ ይወስደኛል" አለኝ። "ማኅበሩ ይህን ሲሰማ ያሰናብተኛል። ከቤታችን ደሞዝ የበላሁ የመጀመሪያው እኔ ነኝ፣ እናቴን ምን እላታለሁ? ደሴ ደግሞ ምግብ የሚያመጣልኝ ሰው የለኝም።"

"እኔ አመጣለሁ።"

"አንተ?" ብሎ ሳቀ። "አንተ መንገድ ላይ ግጥም ይመጣብህና ተቀምጠህ ትበላዋለህ።"

ወደ ሳጅን ይማም ሄድኩ። ሌሊቱን ሙሉ ስድብ አዘጋጅቼለት ነበር፣ ቤት ሳይቀር አስመትቼ። እሱ ግን ቀድሞኝ "ቁርሱን በላ?" አለኝ። ስድቡ አፌ ላይ ቀረ።

"ሳጅን፣ ለምን እሱ?"

"እኔ ክፉ ሰው ነኝ ጀማል?"

"አይደሉም።"

"ስቀጠር አለቃዬ ዕቃ ሲጠፋ ከእንግዳው ጀምር አለኝ። እሱንም እንዲያ ብለው ነው ያስተማሩት። እኔም አዲስ ልጅ ሲመጣ እንዲያ ነው የምለው። እኔ ብተወው ነገ የሚተካኝ ይይዘዋል።"

ለግጥሜ ክፉ ሰው ፈልጌ ነበር የሄድኩት። አላገኘሁም። ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ፤ ክፉ ሰው ይሻራል፣ ይህ ግን ሳጅን ይማም ጡረታ ቢወጣም እዚያው ቆሞ የሚጠብቅ ነገር ነው።

እናቴ በዚህ መሀል የከተማችን ሽማግሌ ሸኽ እንድሪስ ዘንድ ሄዳ ነበር። ሸኹ ለሳጅን መልእክት ላኩ፤ መኪናው እስኪመጣ ድረስ በወጋችን አውጫጭኝ እንቀመጥ አሉ። አውጫጭኝ ማለት ነገር ሲጠፋ ያገር ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተቀምጦ ያየውን በመሐላ የሚናገርበት ነው። ሳጅንም እምቢ አላለም።

ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። ሸኹ ዱአ አደረጉ፣ ከእስጢፋኖስ ገዳም የመጡ አንድ አባት መስቀላቸውን ይዘው ከጎናቸው ተቀመጡ። ሁሉም በየእምነቱ ማለ። ኡጁሉ ከሳጅን ጋር ዳር ላይ ቆሟል።

"ከአስር እስከ ኢሻ ያያችሁትን ተናገሩ" አሉ ሸኹ።

መጀመሪያ የተነሱት ፓፓያ የሚሸጡት እትዬ ዘሃራ ናቸው። "አስር እንደተሰገደ ያ ጥቁሩ ልጅ እኔ ጋ መጣ። ፓፓያውን አገላብጦ አገላብጦ ትቶት ሄደ። ምን ሊሠራ ነው ብዬ ፀጉር ቤት እስኪገባ በዓይኔ ተከተልኩት።"

ሕዝቡ አጉረመረመ።

ፀጉር አስተካካዩ ተነሳ። "እውነት ነው፣ እኔ ጋ ገባ። ኳስ እያየ ተቀመጠ። ሰው እየላጨሁ በመስታወቱ እሱን ነበር የማየው። የመግሪብ አዛን ሲል ወጥቶ ልብስ ሰፊው በር ላይ ቆመ።"

"ሱሪ ሊያስረዝም ነው የመጣው" አለ ልብስ ሰፊው፣ ሰዉም ሳቀ። "እስኪያልቅ እዚያው በሩ ላይ ጠበቀኝ። እጄ ይስፋ እንጂ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር። ኢሻ ሲል ሱሪውን ይዞ እነ ጀማል ግቢ ገባ።"

"ውሸት! አንተ አቀርቅረህ ነበር!" አሉ እትዬ ዘሃራ። "ከማዶ ሆኜ ያየሁት እኔ ነኝ።"

"አንቺ ከማዶ? እኔ ያየሁትን ያህል አላየሽም!"

"ነገርኩህ እኮ፣ ለሰላት ስሄድ እንኳን ልጄን 'እሱን እዪልኝ' ብዬ ነው የሄድኩት!"

ማን አብልጦ እንደጠበቀው ሊጣሉ ደረሱ። የሸኽ እንድሪስ መቁጠሪያ እጃቸው ላይ ቀጥ አለ። "ቆይ፣ ቆይ" አሉ። "ጀልባዎቹ ጋ ያየው ማነው?"

ማንም አልተነሳም።

ያኔ ነው የገባኝ። እግሬ ሳልነግረው ተነሳ። ወጣት በአውጫጭኝ ሳይጠየቅ አይናገርም፣ እናቴም ልብሴን ጎተተችኝ።

"ሸኽ፣ ጀልባዎቹ ጋ እኔ ነበርኩ።"

"መቼ?"

"ከአስር እስከ ጨለማ። ግጥም እየጻፍኩ። ጀልባው ላይ ተደግፌ።"

"ማን አየህ?"

"ማንም።"

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። "ተዉት፣ እሱ ከቃል በቀር የሚሰርቀው የለውም!" አለ አንዱ። ሳጅን ይማምም ሳቀ። ሸኹ ብቻ አልሳቁም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

"ጀልባው ጋ የነበረው ነበርኩ ሲላችሁ ሳቃችሁለት" አሉ። "ያልነበረው ታስሯል። ሳጅን ይማም፣ ለዚህ ልጅ እኮ ከተማው ሁሉ ዘብ ቆሞለት ነው ያመሸው። ከመሀላችን ከአስር እስከ ኢሻ የት እንደነበር በመሐላ የተመሰከረለት እሱ ብቻ ነው። መቼ ይስረቅ?"

እትዬ ዘሃራ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሳጅን ቆቡን አውልቆ ላቡን ጠረገ። ከዚያ ወደ ኡጁሉ ዞሮ መታወቂያውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠው። የደሴው መኪና መጥቶ ባዶውን ተመለሰ።

ከኡጁሉ ጋር ሐይቁ ዳር ወረድን። ኡጁሉ ፊቱን ታጠበ፣ አንገቱን ታጠበ፣ ጭንቅላቱን ውሃው ውስጥ ነክሮ አወጣ። እትዬ ዘሃራ ከኋላችን ደረሱ፣ ትልቅ ፓፓያ ታቅፈው።

"ትናንት ለምን ተውከው?" አሉት፣ ዓይኑን ሳያዩ።

"ጥሬ ነበራ።"

"ዛሬ በስሏል። ብላ ልጄ።"

አገጫችን እስኪረጥብ በላን። የዚያን ዕለት የጻፍኳት ናት ከወጣትነት ግጥሞቼ ያልቀደድኳት፦

ማንም ያላየኝ ሰው በሰላም ገባሁኝ፣
ሁሉም ያየው ጓዴን ታስሮ አገኘሁኝ።

ሞተሩ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተገኘ። መረብ የጣለ ሰው ከባድ ነገር ያዘኝ ብሎ ሲጎትት ጀልባው ታስሮበት ከነበረው ቦታ ሥር ከጭቃ ወጣ። ማጥበቂያው ላልቶ ወድቆ ኖሯል። እኔ ተደግፌበት ሳለ ይሁን ከሄድኩ በኋላ እስከዛሬ አላውቅም። ግጥም ሲመጣብኝ ጆሮዬ አይሰማም።

በዚያው ሳምንት ምሽት ኡጁሉና እኔ አስፋልቱ ጫፍ ደረስን። ሳጅን ይማም ቆሟል።

"ኡጁሉዬ፣ እንዴት ዋልክ?"

"ደህና ሳጅን።" እጁ ከልማድ ወደ ኪሱ ሄደ።

"ያንተን ተወው፣ በቃሌ አውቀዋለሁ።" ወደ እኔ ዞረ። "አንተ፣ መታወቂያ።"

"እኔ? ሳጅን፣ እኔ እኮ ጀማል ነኝ!"

"ጀማል መሆንህን በምን ላውቅ?"

ኪሴን ዳበስኩ። ከእርሳስ ጉማጅ በቀር ምንም የለም። ኡጁሉ ሆዱን ይዞ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሳጅንም ሳቀ። "ሂድ አምጣና አሳየኝ" አለ፣ ከልቡ ነበር። እየሮጥኩ ሄጄ ከእናቴ ሣጥን አወጣሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኪሴ ተለይቶ አያውቅም።

ሳጅን ይማም ጡረታ ወጥቷል። የተኩት ወጣቶች ምን ተብለው እንደተማሩ አላውቅም። ለዚህ ነው ቅዳሜ ዓሣው እየቀዘቀዘ ዓይኔን ከመንገዱ ያልነቀልኩት።

ሚኒባሱ መጣ። ሰው ወረደ፣ ዶሮ ወረደ፣ ጆንያ ወረደ። መጨረሻ ላይ አንድ ረጅም ሰው በሩን ጎንበስ ብሎ ወጣ። ፀጉሩ ሸብቷል። ገና ሰላም ሳልለው አፌ ቀደመኝ።

"ኬላው ላይ ጠየቁህ?"

"ጠየቁ" አለ ኡጁሉ። "ሁላችንንም። ዶሮ የያዙትን አሮጊት ሳይቀር አስወርደው ጠየቁ። መታወቂያቸው ከጆንያው ሥር ስለነበር ነው የዘገየነው። ሴትዮዋ ኬላውን በእርግማን አነደዱት! ስልኬም እዚያው ሞተ።"

የቆየ ሳቁን ሳቀ። አቅፌ ሰላም አልኩትና አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሰይድ ስልኩን ትቶ እኛን ያይ ነበር። ጠጋ ብሎ ለኡጁሉ ቦታ ለቀቀለት።

"ዓሣው ቀዝቅዟል" አልኩት።

"አሙቁታ" አለ። "ማንም የሚቸኩል የለም።"