ጥጥ ለቃሚዎቹ ያስለቀቁን ቀን

«ብሉዝና ጃዝ ማወቅ ለራፐር ምን ይጠቅማል?» አለኝ ዛሬ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ራፕ የሚሠራው የእህቴ ልጅ።

በደርግ ጊዜ እኔና ታላቅ ወንድሜ ከሱዳን ስንመለስ፣ መተማ ኬላ ላይ ከእሱ ቦርሳ የብሉዝ ካሴት ተገኘ። የኬላው ካድሬ በቴፕ ከፍቶ ሰማና «የኢምፔሪያሊስት ዘፈን ነው» አለ። ያኔ ይህ ቃል ሰው ያስበላ ነበር።



ወንድሜ ግን ረጋ ብሎ፣ «ጓድ፣ ይህ አሜሪካ ያሉ ጥቁር ጭቁኖች የጌቶቻቸውን ጥጥ ሲለቅሙ ያንጎራጎሩት ነው» አለው።

ካድሬው ፊቱን ሳይፈታ እስከ መጨረሻው አዳመጠና «ሂዱ» አለን። ካሴቱን አልመለሰም፤ ሳይወደው አልቀረም።

ይህን ስነግረው የእህቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ዜማው ትዝ ይልዎታል?» አለኝ።

እናንተንስ የዘፈንን ሥር ማወቅ ከጭንቅ አውጥቷችሁ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ።