ማለዳ የምትቀባው ክሬም

እዚህ በሰው አገር፣ አልትሽቴተን ባቡር ጣቢያ በማለዳ ከመጣሁ ያቺን ያገሬን ልጅ አላጣትም። ሁሌም አግዳሚው ጫፍ ላይ ናት፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የጽዳት ጃኬቷን እጅጌ በረኪና አንጥቶታል። ከኪሷ ትንሽ ቱቦ ታወጣና አተር የምታህል ክሬም ብጉሯ ላይ ትቀባለች። አሲድ ስላለበት ይለበልባታል መሰለኝ፣ ዓይኗን ጨፍና በነጻ በሚታደለው ጋዜጣ ፊቷን ታራግባለች።

"ማታ ከመኝታ በፊት ነው እኮ የሚቀባው" አልኳት አንድ ቀን፤ ጡረተኛ አርፎ አይቀመጥ።

"የኔ ማታ አሁን ነው፣ እትዬ። ቢሮ ሳጸዳ አድሬ ነው። ቤት ከደረስኩማ ሳልቀባው እንቅልፍ ይጥለኛል።"

ጉንጯን ለማንም አትሰጥም። ያገር ልጅ ሊስማት ሲጠጋ እጇን ቀድማ ትዘረጋለች። "ይቅርታ፣ ፊቴ መድኃኒት አለው" ትላለች። እኔንም እንደዚያው።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ግን ረሳሁት። "እንኳን አደረሰሽ!" ብዬ ሳብ አድርጌ ሳምኳት። ክሬሙ ከንፈሬን ቆጠቆጠኝ፤ የሷም ዓይን እንባ አቀረረ።

"ውይ፣ በሞትኩት! አሳመምኩሽ አይደል?"

"ያቃጥላል" አለች፣ ሌላኛውን ጉንጯን እያዞረችልኝ።