የዘሐራ የተምር ፍሬ

ዓረብ አገር፣ ሳብያ ከተማ ያሉ የወሎ ልጆች አገር ቤት ጥለውት የመጡት ነገር ብዙ ነው፤ እንደ እድር ያለውን ቅሬያቸውን ግን ይዘውት መጥተዋል። የሞተ ይቀብራሉ፣ የታመመ ያነሳሉ፣ ከአሠሪው የተጣላ ያስታርቃሉ፤ እንደ አገራቸውም እስላም ክርስቲያን አይሉም። የድሮው ሰብሳቢ ጠቅልለው አገር ስለገቡ፣ አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ አዲስ ሊመርጡ ከእርሻ ዳር ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። አመራረጣቸው ቀላል ነው፦ በየእጩው ፊት ጣሳ ይቀመጣል፤ መራጩ ተምሩን ይበላና የውስጡን ፍሬ የመረጠው ሰው ጣሳ ውስጥ ይጥላል።

ዘሐራ ተምሯን በልታ ፍሬዋን መዳፏ ውስጥ ይዛለች። ሠርግ አዳራሽ ሩዝ የምትቀቅል ሳቂታ ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ግን ሳቅ ከየት ይምጣ! ታናሽ ወንድሟ አህመዲን አል-ሙወሰም የሚባል ቦታ አጠገብ ፍየል ይጠብቃል። እሾህ ወግቶት እግሩ ማበጡን ነግሯት ነበር፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን ስልኩ አይነሳም። ስብሰባው ሲከፈት ጭንቀቷን ለሁሉም ተናገረች።

መጀመሪያ ሐምዛ ተነሳ። ስልክ ሻጭ ነው፤ ነጭ ቶቡ፣ ያ ረጅሙ የአረብ ቀሚስ፣ ተተኩሶ እጥፋቱ ሰው ይቆርጣል፣ አረብኛውም እንደ ውሃ ይፈሳል። “የአንዳችን እንባ የሁላችን እንባ ነው! የእህታችን የዘሐራ ጭንቀት የኔ ጭንቀት ነው!” አለና ደረቱን መታ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ንግግሩ ያምር ነበር። ሰዉ አጨበጨበ፣ ዘሐራም በሻርፗ ጫፍ እንባዋን ጠረገች፤ ፍሬዋን ለማን እንደምትጥል ቁርጥ አደረገች። ወንድምሽ የት ነው ያለው ብሎ እንዳልጠየቃት ልብ ያለችው ኋላ ነው።

ቀጥሎ መካኒኩ ዮሴፍ ቆመ። ጥፍሩ ሥር ያለው ግሪስ ለበዓል እንኳን አይለቅም።

“እ… እኔ ንግግር አልችልም” ሲል ሰዉ ፈገግ አለ። እሱ ግን ወደ ዘሐራ ዞረ። “የፍየሎቹ ባለቤት ቁጥር አለሽ?”

“አለኝ።”

“እብጠቱ ጉልበቱን አልፏል?”

“ትናንት አለፈ ብሎኝ ነበር።”

ዮሴፍ የፒክአፑን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። “ኸላስ፣ ተነሺ እህቴ” አላት፤ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ጓደኛዋም ዞሮ፣ “ነጃት፣ አንቺም አብረሻት ግቢ። ያላ!”

“ኧረ ምርጫውስ?” አሉ ሽማግሌው ሸህ አሕመድ።

“እናንተ ምረጡ ሸህ፤ የልጁ እግር አይጠብቅም።”

መንገድ ላይ በተሰባበረ አረብኛው ለፍየሎቹ ባለቤት ደወለ። ጂዛን ከተማ ያለው ባለቤት ስለ ሕመሙ የሰማው ገና ያኔ ነበር፤ ደንግጦ በረቱ ያለበትን አቅጣጫ ነገራቸው። አህመዲንን በረቱ አጠገብ ባለው ዳስ ውስጥ በትኩሳት ተዘርሮ አገኙት፤ እህቱን እንኳ በቅጡ አላወቃትም። ዮሴፍ እንደ ሕፃን አቅፎ መኪና ላይ ጫነው። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ መርፌውን ከወጋው በኋላ፣ አንድ ቀን ቢያድር ኖሮ እግሩ ይቆረጥ ነበር አላቸው። ዘሐራ ወለሉ ላይ ተደፍታ አላህን አመሰገነች።

ሲመሽ የዮሴፍ ስልክ ጮኸ። ሸህ አሕመድ ነበሩ፤ ሐምዛ በሰፊ ልዩነት ተመርጧል።

“እሰይ! የመኖሪያ ወረቀት ሲጠየቅ እሱ ያወራልናል” አለ ዮሴፍ፣ ከልቡ ነበር። ከዚያ ለበሽተኛው ጭማቂ ሊገዛ ወደ መኪናው ወጣ።

ዘሐራ ተከተለችው። መዳፏን ስትከፍት የተምር ፍሬዋ በላብ ተጣብቃ እዚያው አለች። ከመሪው ፊት ብሎን የሚያጠራቅምባት ጣሳ ተቀምጣለች፤ በመስኮቱ እጇን ሰድዳ ፍሬዋን እዚያ ውስጥ ጣለቻት።

“ዘሐራ፣ ምርጫው እኮ አልቋል” አላት እየሳቀ።

“የኔ ገና አሁን ነው፤ አላህ ያክብርልኝ ወንድሜ” አለችው፣ እንባዋን ሳትጠርግ።