በክብደት የሸጥኳቸው ማጫወቻዎች

ደባርቅ ላይ ኤሌክትሮኒክስ መሸጥ በጀመርኩበት ዕለት አለቃዬ ጋሽ ታከለ ሁለት የዲስክ ማጫወቻ በሁለት እጄ አስያዙኝ።

«የቱ ይከብዳል?»

«የግራው።»

«እሱን በውድ ሽጥ።»

ሥልጠናዬ ይኸው ነበር። ከዚያ በፊት መናኸሪያ ጭነት ሳወርድ ስለኖርኩ በክብደት ማንም አይቀድመኝም። በአንድ ቀን ባለሙያ ሆንኩ።

ደንበኛውም ቢሆን ከእኛ አይለይም። ገበሬውም መምህሩም ማጫወቻውን ብድግ አድርጎ ይመዝነዋል፣ ቅዳሜ ገበያ የበግ ወገብ እንደሚጨብጠው። ቀለል ካለው «ይሄማ ባዶ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። የራሴን ሱቅ ስከፍትም በዚሁ ቀጠልኩ፤ ከባዱን ከፊት፣ ቀላሉን ከታችኛው መደርደሪያ።

እትዬ ውባለም ከዳባት የመጡት ያኔ ነው። የትምህርት ቤት ጸሐፊነታቸውን ለቀው ፊልም የሚታይበት አዳራሽ ሊከፍቱ ነበር። አምፕሊፋየሩንና ስድስቱን ስፒከር ከጎንደር ገዝተዋል። ኔትወርኩ ደስ ሲለው ስለሚመጣ ፊልሙን በብሉሬይ ዲስክ ነው የሚያሳዩት።

«ሥዕሉ አያሳስበኝም፤ እኔ የምፈልገው ድምፁን ነው» አሉኝ።

ከባዱን አውርጄ «በእጅዎ ይመዝኑት» አልኳቸው። መዘኑት። አመኑኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ማጫወቻውን በብብታቸው ይዘው ተመለሱ።

«ሰው እየወጣብኝ ነው። ተኩሱ ጆሮ ያደነቁራል፤ ሰዎቹ የሚያወሩት ግን አይሰማም። ባለፈው እሑድ ግማሹ ፊልሙን አቋርጦ ኳስ ወደሚያሳየው ቤት ሄደ። እንዲህ ከቀጠለ መዝጋቴ ነው። ወደ ድሮ ሥራዬ እንዳልመለስ ደግሞ ቦታዬ ተይዟል።»

ክዳኑን ፈታሁት። ውስጡ መዳፍ የምታክል ቦርድ አለች። ከጎኗ ጠፍጣፋ ብረት በአራት ብሎን ታስሯል፤ ከምንም ጋር አልተያያዘም።

«ይሄ ምን ይሠራል?»

«ይከብዳል።»

«ደሳለኝ፣ እኔ የወፍጮ ድንጋይ መቼ ጠየቅኩህ?»

የማጫወቻ መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት ያን ቀን ነው። ዲስኩ ላይ ድምፁ ለስድስት ስፒከር ተከፋፍሎ ተቀድቷል፤ ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው በመሀለኛው ነው። ከባዱ ማጫወቻ ስድስቱን ጨፍልቆ ሁለት ያደርጋቸዋል፤ መሀለኛው ስፒከር ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ከታች መደርደሪያ አቧራ የጠጣችው ቀላሏ ግን ስድስቱንም ሳትነካ በኤችዲኤምአይ ኬብል ለአምፕሊፋየሩ ታስረክባለች።

ወረቀቱን ብቻ አምኜ አልተውኩትም። ቅዳሜ ሁለቱንም ይዤ ዳባት ወረድኩ፤ በመልክ እንዳይፈረድም ጨርቅ አለበስኳቸው። እትዬ ውባለም መምህር አዱኛን አስጠሩልኝ። ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጠው ከሁሉም አብዝተው የሚያማርሩት እሳቸው ነበሩ።

አባት ለሴት ልጁ ዝናብ ውስጥ በለሆሳስ የሚናገርበትን ቦታ መረጥኩና መጀመሪያ በከባዱ አጫወትኩት።

«ዝናቡን ሰምቻለሁ። እንዲያውም በረደኝ» አሉ መምህር።

«አባትየውስ ምን አለ?»

«እሱን ልጅቷን ጠይቃት።»

ድምፁን ሳልጨምር ሳልቀንስ ያንኑ ቦታ በቀላሏ አጫወትኩት። መምህር ከወንበራቸው ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

«አሁንስ ምን አለ?» አሏቸው እትዬ ውባለም።

«እሽሽ! እየሰማሁ ነው!»

እትዬ ውባለም ጨርቁን ገለጡና ቀላሏን በአንድ እጃቸው አነሷት።

«ይቺን ነው ከታች የደበቅካት?»

«ሰው አይፈልጋትም ብዬ ነው።»

«እኔ የምፈልገውን ነግሬህ አልነበር?»

ቀላሏን ትቼላቸው ከባዱን ይዤ ተመለስኩ። በማግስቱ እሑድ ፊልሙ ሳያልቅ የወጣ ሰው የለም። አዳራሹ ዛሬም ክፍት ነው።

ለጋሽ ታከለ ደውዬ ስለ ብረቱ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ታዲያ ምኑ የሚከብድ መስሎህ ነበር?» አሉኝ።

የቀሩኝን ከባዶች ድምፅ ለማይገደው ሰው ብረት እንዳለባቸው ተናግሬ ሸጥኩ። ሁለት ሰው ብረቱን ሲሰማ ጭራሽ ወደዳቸው።

ለድምፅ ብሎ ማጫወቻ የሚገዛ ሰው ከራሱ አምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ ይሞክረው። ሰው ዝግ ብሎ የሚናገርበትን ቦታ ያጫውትና ከመጨረሻው ወንበር ይቀመጥ። ቃሉ ከተሰማው ይግዛ፤ ካልተሰማው ይመልስ።